የጎርፍ እርዳታ ከውጭ መንግሥታት፦ አቃቂ ወንዝ ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት ሲገባ እኛ ሰፈር ወሬው ሁሉ ውሃ ነው። ለገዳዲ ሞላ፣ ግድቡ ሊከፈት ነው፣ አባ ሳሙኤል አካባቢ ማሳ ተዋጠ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ የሆነ አገር በጎርፍ ተመታ፣ መንግሥታት ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ሰጡ ይላል። የእድር ስብሰባ ላይም ጥያቄው ይጀምራል። "ለእነሱ እንዲህ ሲዘንብላቸው ለእኛስ?" የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። መዝገብ የያዘ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ነው መሰለኝ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ደጋግመው የሚመጡትን ከነመልሳቸው እነሆ።

አንድ አገር በጎርፍ ሲመታ የውጭ መንግሥት ዝም ብሎ እርዳታ ይዞ ይገባል?

አይገባም። የተመታው አገር መንግሥት "እርዱኝ" ማለት አለበት። ቢያንስ "እሺ፣ ግቡ" ማለት አለበት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀው፣ ቁጥሩ 46/182 የሆነ ውሳኔ አለ። የዛሬው የአደጋ ጊዜ እርዳታ አሠራር የቆመው በእሱ ላይ ነው። እርዳታ የሚሰጠው በተጎዳው አገር ፈቃድ ነው ይላል።

ፈቃዱ ሲዘገይ ምን እንደሚመጣ ምያንማር ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ናርጊስ የተባለ አውሎ ነፋስ የባሕሩን ውሃ እየገፋ የኢራዋዲን ወንዝ ረባዳ መሬት አጥለቀለቀው። ከ130 ሺህ በላይ ሰው ሞተ ወይም የደረሰበት ጠፋ። ወታደራዊው መንግሥት ግን ለእርዳታ ሠራተኞች ቪዛ ለመስጠት ሳምንታት አንገራገረ። የአሜሪካ የጦር መርከቦች እርዳታ ጭነው ባሕር ላይ ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ሳያራግፉ ተመለሱ።

ስላልፈለገ እምቢ የሚልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሕንዷ ኬረላ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የሕንድ ማዕከላዊ መንግሥት የውጭ መንግሥታት ያቀረቡትን ገንዘብ በራሴ አቅም እወጣዋለሁ ብሎ መለሰው። የኬረላ ግዛት መንግሥት ግን በዚህ አልተደሰተም። ውሃው የገባው እነሱ ቤት ነዋ!

እኛ ሰፈር ጎርፍ ቢገባስ የውጭ እርዳታ ይመጣል?

እቅጩን ልንገራችሁ፦ ብዙውን ጊዜ አይመጣም።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወረደው ጎርፍ 7 ሰው ገድሏል። ለቤተሰቦቻቸው ሰማይ ተደፋባቸው። በእርዳታው ዓለም ሚዛን ግን እንዲህ ያለው አደጋ ከተማው ራሱ ይወጣዋል ተብሎ የሚታሰብ ነው። የውጭ መንግሥታት የሚጠሩት ጉዳቱ ከአገር አቅም በላይ ሲሆን ነው። ያሳዝናል፣ ግን አሠራሩ ይኸው ነው።

መሀል መንገድ ላይ አንድ በር አለ። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የድንገተኛ አደጋ ፈንድ አለው። ዜና ላይ የማይወጡ ትንንሽና መካከለኛ አደጋዎች ላይ ቶሎ የሚለቀቀው እሱ ነው። መንግሥታትም ያዋጡበታል። ስለዚህ ቀይ መስቀል ብርድ ልብስና ድስት ሲያድል የአንድ ሩቅ አገር ግብር ከፋይ ከኋላ ሊኖር ይችላል። ባንዲራው አይታይም እንጂ።

መጀመሪያ የሚደርሰው ታዲያ ማነው?

ጎረቤት ነው። ድሬዳዋን አስታውሱ። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደጫቱ ወንዝ በአብዛኛው ጊዜ ሰው የሚመላለስበት ደረቅ አሸዋ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ ደራሽ ውሃ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። በዚያች ሰዓት ማንም የውጭ መንግሥት ሊደርስ አይችልም። በዚያው ክረምት ደቡብ ኦሞ ላይ የኦሞ ወንዝ ከአፉ ወጥቶ 364 ሰው ጨረሰ። እዚያ ደግሞ ቦታው ሩቅ ነው፣ በጀልባና በሄሊኮፕተር ካልሆነ አይገባም።

ሞዛምቢክም እ.ኤ.አ. በ2000 እንዲሁ ነበረች። የሊምፖፖ ወንዝ ሞልቶ ሰው ጣራና ዛፍ ላይ ወጣ። ሄሊኮፕተር ይዛ ቀድማ የደረሰችው ጎረቤቷ ደቡብ አፍሪካ ናት። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አነሳች። አንዲት እናት ዛፍ ላይ ወልዳ ከነልጇ የወጣችው ያኔ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለአገርም ይሠራል።

እኛ ጋ ወዲያው የሚደወልባቸው ቁጥሮች 939 (የከተማው እሳትና አደጋ ስጋት) እና 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ናቸው። ደግሞ ሰማዩን ብቻ አትመኑ። እኛ ሰፈር ጠብ ሳይል እንጦጦ ላይ ዘንቦ ወንዙ ሊመጣ ይችላል። ውሃው ድንገት ደፍርሶ ቅርንጫፍና ሃይላንድ እየነዳ መምጣት ከጀመረ ከላይ ዘንቧል ማለት ነው። ልጆችንና በጎችን ከዳር አንሱ።

"ይህን ያህል ቢሊዮን ዶላር ተሰጠ" ሲባል ገንዘቡ የት ይገባል?

እድር ላይ ድምፅ የሚያስጮኸው ጥያቄ ይሄ ነው። "በሉት!" የሚል አይጠፋም። የተበላም ይኖራል፣ እሱን ወደ ታች እንመጣበታለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገንዘቡ ገና አልመጣም። ቃል መግባት አንድ ነገር ነው፣ ፈርሞ መመደብ ሌላ ነው፣ መላክ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ዜና የሚሆነው የመጀመሪያው ነው።

ፓኪስታንን እንያት። እ.ኤ.አ. በ2022 የደረሰባት ጎርፍ 33 ሚሊዮን ሰው ነካ፣ ከ1,700 በላይ ገደለ። ሲንድ በሚባለው ግዛት ውሃው መሄጃ አጥቶ ወራት ተኛ። የተባበሩት መንግሥታት መጀመሪያ ለአስቸኳይ እርዳታ 160 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። ከወር በኋላ ጥያቄውን 816 ሚሊዮን አደረሰው። ቆጠራው ሲገፋ ጉዳቱ ከታሰበው በላይ ሆነ፣ ወባና ተቅማጥም ተከተለ። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ሳምንት የምትሰሙት ቁጥር ብዙውን ጊዜ ትንሽ የሚሆነው።

ከዚያ ትልቁ ሒሳብ መጣ። የፓኪስታን መንግሥት ከዓለም ባንክ፣ ከእስያ ልማት ባንክ፣ ከአውሮፓ ኅብረትና ከተባበሩት መንግሥታት ልማት ፕሮግራም ጋር ቁጭ ብሎ ገመተ። የወደመ ንብረት 14.9 ቢሊዮን ዶላር፣ የቀረ ገቢ 15.2 ቢሊዮን፣ መልሶ ለማቋቋም የሚያስፈልግ 16.3 ቢሊዮን። የወደመውና የቀረው ተለያይተው ይቆጠራሉ። እኛ ሰፈር ቢሆን ውሃ የገባበት የወፍጮ ቤት ሞተር በአንደኛው ይገባል። ሞተሩ እስኪጠገን ድረስ ባለወፍጮው ያጣው ገቢ በሁለተኛው ይገባል። ብዙ ሰው ለወረዳ ሲያመለክት ሁለተኛውን ይረሳል። አትርሱት።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ጄኔቫ ላይ የለጋሾች ጉባኤ ተጠራና ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቃል ተገባ። ትልቅ ጭብጨባ ነበር። ዝርዝሩ ሲታይ ግን አብዛኛው ብድር ነው። የእስላማዊ ልማት ባንክ ብቻውን 4.2 ቢሊዮን አለ። ገንዘቡ በዓመታት የሚዘረጋ፣ ፕሮጀክት በፕሮጀክት የሚለቀቅ ነው። መንግሥታት በነጻ የሰጡት ትንሹ ክፍል ነው። ድንኳን ውስጥ ላለችው እናት ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ቃሉ ራሱ የማይሞላበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ የወደብ ከተማዋን ቤይራን ካወደመ በኋላ ሞዛምቢክ ለመልሶ ግንባታ 3.2 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልገኛል አለች። በጉባኤው ላይ ቃል የተገባላት 1.2 ቢሊዮን ነው።

ስለዚህ ዜናውን ስትሰሙ ስጦታ ነው ብድር፣ በስንት ዓመት ይሰጣል፣ በማን በኩል ይመጣል ብላችሁ ጠይቁ። የእኛ እድር እንኳን ያልገባ መዋጮን ገቢ ብሎ አይጽፍም።

ጎርፉን ከውጭ ሆነው እንዴት ያውቁታል?

በሳተላይት። የጠፈር ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2000 የተስማሙበት ቻርተር አለ። አደጋ የደረሰበት አገር ሲጠይቅ ምስል በነጻ ይሰጣሉ። ክረምት ነው፣ ደመና ነው ብላችሁ አትስጉ። ሴንቲኔል 1 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት በራዳር ስለሚሠራ ደመናን አልፎ፣ በሌሊትም ያያል። የት የት ውሃ እንደተኛ በካርታ ይወጣል።

ሳተላይት የማያየው አንድ ነገር አለ። እዚያ ቆርቆሮ ሥር ማን እንደሚኖር አያውቅም። እሱን የሚያውቀው ወረዳው ነው፣ ወረዳውም ዝርዝሩን ሲያወጣ ነው።

የምኖረው ጨረቃ ቤት ነው። ይቆጥሩኛል?

ይሄን ጥያቄ ሰው ጮክ ብሎ አይጠይቅም። ስብሰባው ሲያልቅ ጠጋ ብሎ ነው።

በእርዳታ መርህ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ በችግር መጠን ይሰጣል እንጂ በቤት ካርታ አይደለም። ምግብ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ሸራ፣ መድኃኒት ለማግኘት የይዞታ ማረጋገጫ መያዝ ቅድመ ሁኔታ መሆን የለበትም። ወንዝ ዳር የሚሠፍረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ መግዛት ያቃተው ነው። መርህ ሌላ፣ ዝርዝሩን የሚሠራው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። ስማችሁ ከዝርዝሩ ከወጣ የውጭው ለጋሽ መኖራችሁን አያውቅም። በመመዝገቢያው ቀን ተገኙ። የእድር አባልነትና የጎረቤት ምስክርነት ነዋሪነትን ለማሳየት ይረዳል፣ ለዚህ ስትፈልጉኝ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

መልሶ ግንባታ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቤት መሥሪያ ገንዘብ ሲመጣ የመሬቱ ባለቤት ማነው የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። በአብዛኛው የሚቀርበው አማራጭ ከወንዝ ዳር መነሳት ነው። ባዶ ተስፋ ልሰጣችሁ አልፈልግም።

ለምን ስንዴ ያመጣሉ? ብሩን አይሰጡንም?

ከልብ የሚነሳ ጥያቄ ነው። አገራችን ውስጥ የተለመደው የአደጋ ጊዜ ራሽን ለአንድ ሰው ለአንድ ወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት 75 ኪሎ እህል ይደርሰዋል፣ ማለትም አንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያና የሌላው ግማሽ። እናም ሁለት ቤተሰብ ሦስት ጆንያ ይዞ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ሦስተኛው ጆንያ ይፈታል። በጣሳ እየተሰፈረ "አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት" እየተባለ ይካፈላል። መሬት የፈሰሰውን ልጆች ይለቅማሉ።

ከዚያ ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮ ብር ይጠይቃል። ብር የሌለው ከስንዴው ሸጦ ያስፈጫል። ጎርፍ ባለበት ቦታ ደግሞ ሻጩ ብዙ ስለሆነ ስንዴው በርካሽ ይሄዳል። "ተረጂው እርዳታውን ይሸጣል" የሚሉ ሰዎች ይህቺን ወፍጮ ቤት ቢያይዋት ጥሩ ነበር።

ለጋሾችም ገብቷቸዋል። ገበያው ክፍት ከሆነ ጥሬ ገንዘብ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ዛሬ ብዙ ተቀባይነት አለው። ፓኪስታን በ2022ቱ ጎርፍ ለአንድ ቤተሰብ 25,000 ሩፒ አድላለች። ይህን በፍጥነት ማድረግ የቻለችው የድሆች መዝገብ ከጎርፉ በፊት ስለነበራት ነው። እኛም አገር ሴፍቲኔት አለ፣ መንገዱ እንግዳ አይደለም። ግን ሱቁ ራሱ ከተዋጠ፣ መንገዱ ከተቆረጠ፣ ብር ወረቀት ነው። ያኔ እህልና ሸራ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከምግቡ በፊት ውሃውን አስቡ። ጎርፍ ሽንት ቤቱንና ጉድጓዱን ያቀላቅላል። አተት የሚመጣው ከዚያ ነው። ውሃ አጋር ወይም የማከሚያ እንክብል ከታደላችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡት። ተጠቀሙበት።

ስንዴው ለምን ይዘገያል?

ከአሜሪካ በመርከብ ተነስቶ፣ ጂቡቲ ተራግፎ፣ በከባድ መኪና እስኪደርስ ወራት ይሄዳሉ። የአሜሪካ ሕግ ከምግብ እርዳታው ቢያንስ ግማሹ በራሷ ባንዲራ በሚሄዱ መርከቦች እንዲጫን ያዛል። ይህ ዋጋውን ይጨምራል፣ ምርጫውንም ያጠባል። ለዚህ ሲባል ዕቃ አስቀድሞ ይከማቻል። ዱባይ ውስጥ ትልቅ የእርዳታ መጋዘን ከተማ አለ። ድንኳኑና ብርድ ልብሱ በአብዛኛው ከእንደዚህ ዓይነት ቦታ በአውሮፕላን ይነሳል። የእኛው ቦሌም ከሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሮና ጊዜ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሕክምና ዕቃ የሚተላለፍበት ማዕከል ሆኖ ሠርቷል።

እርዳታ ይሰረቃል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ደርሷል። ሰኔ 2015 ዓ.ም. አሜሪካና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ እህል ለገበያ መዋሉን ጠቅሰው በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ለአብዛኛው ተረጂ የተመለሰው ወራት ቆይቶ ነው። ዘራፊው ሰረቀ፣ የተራበው ተቀጣ። እኔ በዚያ ውሳኔ አልስማማም፣ ግን ስርቆቱን አልክድም። ከዚያ ወዲህ ምዝገባውና ቁጥጥሩ ጠብቋል። ስለዚህ የጣት አሻራ ስጡ ስትባሉ አትቆጡ።

አሜሪካ እርዳታ አቁማለች ይባላል። ተዘጋ ማለት ነው?

ዩኤስኤይድ የሚባለው መሥሪያ ቤት ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ አቁሟል። የቀረው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ተዛውሯል። ሙሉ በሙሉ ዜሮ አልሆነም፣ በጣም ግን ቀንሷል። ሌሎች መንግሥታትም እየቆጠቡ ነው።

ሀብታም አገሮች የመርዳት ግዴታ አለባቸው?

የሚያስገድድ ፖሊስ የለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሀብታሞቹ ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶ ለልማት እርዳታ እንዲሰጡ ግብ አስቀመጠ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ግቡን የሚያሟሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ኖርዌይና ሉክሰምበርግ ከእነሱ መሀል ናቸው።

አሁን ክርክሩ ወደ አየር ንብረት ዞሯል። ፓኪስታን ዓለምን ከሚያሞቀው ጋዝ የምታወጣው ከ1 በመቶ በታች ነው። ጎርፉ ግን ደረሰባት። እ.ኤ.አ. በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ በአየር ንብረት ለውጥ ለሚደርስ ኪሳራና ጉዳት የሚውል ፈንድ እንዲቋቋም የተስማሙት በዚህ ክርክር ነው። በዓመቱ ዱባይ ላይ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገባ። ይህን ቁጥር ከላይ ከጠቀስኩት ከፓኪስታን 16.3 ቢሊዮን ጎን አስቀምጡትና ፍረዱ።

ኢትዮጵያስ ለሌላ አገር ሰጥታ ታውቃለች?

ሰጥታለች! እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል 5 ሺህ ዶላር ላከላት። እኛ በ77ቱ ድርቅ እየረገፍን በነበረበት ሰዓት መሆኑ ነው። ምክንያቱ ውለታ ነው። ጣሊያን ሲወረን ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ብላ ከጎናችን ቆማለች። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ስትጠብቁ አስታውሱት።

ከመቆጠር እንዳልጎድል ምን ላዘጋጅ?

መታወቂያና የልደት ወረቀት በፌስታል ጠቅልላችሁ ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉ። ፎቶ አንስታችሁም ውሃ የማይደርስበት ሰፈር ላለ ዘመድ በቴሌግራም ላኩ። ቤቱን አሁን፣ ደህና እያለ፣ ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሱ። ውሃው ሲሸሽ ግድግዳ ላይ የጭቃ መስመር ይተዋል። ገምጋሚዎቹ መጥተው ሳያዩት አታጥቡት። ካስቸኮላችሁ ሜትር ይዛችሁ ከወለሉ ስንት እንደሆነ ለኩና ፎቶ አንሱ። የሞተ ከብትና ዶሮ ከመቀበሩ በፊት ጎረቤት ይይ። የቀረባችሁን ገቢ በቀን በቀኑ ጻፉ። የራሰውንም ፍራሽ ፎቶ ሳታነሱ አትጣሉ።